ሠላሳ ላይ የሚፈታ ሰደርያ

እኔ ሽብሩ ወልደሰንበት እስከ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ድረስ የውሃ ሰደርያ ለብሼ አላውቅም። በሁለት ሺህ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰደርያ የሌለው ሰው ማለት ድሮ ሱሪውን ረስቶ ከቤት እንደወጣ ሰው ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ነጭ አለ፣ ለሰርግ ጥልፍ ያለበት፣ ለለቅሶ ጥቁር። የጎረቤታችን ሕፃን ክርስትና የተነሣ ዕለት አያቱ መሐረብ የምታህል ሰደርያ ይዘውለት መጡ። ቱቦዋ ከአገጭ ሥር ተኝታ ትውላለች። ሰዓቷ ሲደርስ ቀና ብላ ከንፈር ላይ ትቆማለች፤ ሰውዬው ወሬውን እንኳ ሳያቋርጥ ይጠጣል። ሁለት ጉንጭ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ። ዳኛውም ችሎት ላይ እንደዚያ ነው፣ የባንኩ ዘበኛም እንደዚያ ነው። ጠማኝ የሚል ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የእህቴን ልጅ አንድ ቀን "ጠምቶሽ ያውቃል?" ብላት "እሱ ምን ዓይነት በሽታ ነው?" አለችኝ።

እኔ በኩባያ ነበር የምጠጣው። ሲጠማኝ ብድግ እላለሁ፣ ቧንቧ እከፍታለሁ። ባለቤቴ ወይንሸት በዚህ ታፍር ነበር።

"ሰው ቤት ሄደን ውሃ ስትለምን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ" ትለኛለች። "ምን አደረገህ ሰደርያው? አባትህን ገደለ?"

አባቴን አልገደለም። ግን የማውቀው ነገር አለ። ሰደርያ ባየሁ ቁጥር አበጋዝ ኃይሉ ነው ፊቴ የሚመጣው።

ሥራዬ አሯሯጭ ነበር። የማያውቅ ካለ፣ አሯሯጭ ማለት ሌላው እንዲያሸንፍ ከፊት ሆኖ ነፋስ የሚመታው ሰው ነው። አበጋዝን ከኋላዬ አስከትዬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ድረስ እመራለሁ። ሠላሳ ላይ አሰልጣኝ በላቸው ከቡድናችን ሰርቪስ መኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሽብሩ፣ ውጣ!" ይላል። ወደ ቀኝ እወጣለሁ፤ ሰርቪሱ የሚቆመው በቀኝ ነው። ኩባያ ይሰጡኛል፣ እጠጣለሁ፣ አበጋዝ ያልፋል። ልምምድ ላይም ያው ነው። እሁድ እሁድ ሰንዳፋ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲሮጥ እኔ ሠላሳ ላይ "ውጣ! እግርህን ለረቡዕ እንፈልገዋለን።" ዘጠኝ ዓመት። አበጋዝ ዓለምን አሸንፎ ቦሌ ሲወርድ ፈጣሪን አመሰገነ፣ አሰልጣኙን አመሰገነ፣ ሰደርያውን አመሰገነ። እኔ ሻንጣውን ተሸክሜ ከኋላው ቆሜ ነበር። ሰርጉ ላይም ከሾፌሮቹ ጋር ነው ያስቀመጡኝ።

ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለውን መንገድ የማውቀው ከሰርቪስ ውስጥ ነው። በሕይወቴ አንድ ውድድር ጨርሼ አላውቅም። የጣርማበሩ የገደል አፋፍ ሩጫ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው አይቀበሉም። ዘንድሮ ካልሮጥኩ ቀረሁ። የመነሻው ኬላ ደግሞ ሰደርያ የሌለውን አያሳልፍም። ስለዚህ ሄድኩ።

የሰደርያ መሸጫ አዳራሹ ከድሮው መናኸሪያ ጎን ነው። መግቢያው ላይ የአበጋዝ ፎቶግራፍ የግድግዳውን ቁመት ያህላል። አፉን ከፍቶ ይሮጣል። በፎቶው ቀኝ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ክርን አለ። ያ ክርን የኔ ነው።

የተቀበለችኝ ልጅ የትናየት ትባላለች። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ሳቂታ።

"ጋሼ፣ ለማን ነው?"

"ለራሴ።"

"የድሮው ተበላሽቶ ነው?"

"የድሮ የለኝም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ቱቦዋ ብቅ አለች፤ ሁለት፣ ቆይታ፣ አንድ። "ይቅርታ፣ ታመው ነበር እንዴ?"

ጤነኛ እንደሆንኩ ነገርኳትና ወደ ሥራችን ገባን። እኔ ደግሞ ተሸካሚ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ የሚሸከሙትን ነገር መምረጥ አውቃለሁ። ሙሉውን ሞልታ እንድትሰጠኝ አደረግሁ። ባዶ ሰደርያ ሁሉም ይመቻል፤ ጉዱ የሚታየው ሲሞላ ነው። ዘለልኩ። ከትከሻ ከተነሳና መልሶ ከወረደ በስልሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንገት ይልጣል። ከዚያ ግማሹን አፍስሼ ዘለልኩ፤ አየር ከገባበት ቦጭ ቦጭ እያለ ጆሮ ያደነቁራል። ብብት ሥር ያለውን ስፌት በጣቴ ዳሰስኩ። ደረቴን በሙሉ ትንፋሽ ነፍቼ ነው ማሰሪያው መቆለፍ ያለበት፤ ጎድን ሥር ሳይሆን ከፍ ብሎ። በሶዬን የምይዝበት ኪስ ሳላወልቀው እጄ መድረሱን አየሁ።

የትናየት አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። "ጋሼ፣ እንዲህ ሆኖ የሚመርጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰደርያው ራሱ ያስተካክላል እኮ!"

"ጀርባው የኔ ነው እንጂ የሱ አይደለም።"

"እሺ፣ አይቆጡ። አሁን የሚለብሱት ገና አያውቅዎትም። ሰው ለመልመድ ሰባት ቀን ይፈልጋል። ይቆልፉት።"

ቆለፍኩት። ደረቱ ላይ ያለችው ዶቃ ወዲያው አረንጓዴ ሆነች። ሦስቱ ማሰሪያዎች በየተራ ሳብ ሳብ አሉና ልክ እንደ ገዛ ቆዳዬ ተቀመጡ።

ሳቋን አቆመች። "ሌላ ሰው ለብሶት ይሆናል" ብላ ከካርቶን አዲስ አወጣች። አረንጓዴ። ሦስተኛ አወጣች፣ ትልቁን፣ ጀርባው ላይ ሦስት ሊትር የሚይዘውን። አረንጓዴ። የሴቱን ሞከርን፣ የልጆቹን እላዬ ላይ ጣል አደረገችው። ዘጠኝ ሰደርያ። ዘጠኙም፣ እንደ ቤት ውሻ ዓይነት፣ ገና ስነካቸው አወቁኝ።

"ስምዎ መዝገብ ላይ የለም" አለች የመዝገቡን ማሳያ እያየች። ድምጿ ዝቅ አለ። "ከአበጋዝ ኃይሉ ጋር ትዛመዳላችሁ?"

"ምን አገናኘው?"

"ሰደርያ ሁሉ የተዘራው ከሱ የመጀመሪያ ሰደርያ ነው። እዚህም፣ ውጭ አገርም። የተማረው በሱ ገላ ነው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይባዛል። ሰደርያው ይህን ያህል የሚያውቀው የሱን ዘመድ ብቻ ነው።"

"አንዛመድም። ጀርባዬን ግን በደንብ ያውቀዋል።"

ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር ከኪሴ ኩባያዬን አውጥቼ ከማጠቢያው ቧንቧ ቀዳሁ። ሁለት ጉንጭ ጠጣሁ። ቆየሁ። አንድ ጉንጭ ጠጣሁ። ዞር ስል ልጅቷ ደርቃ ቆማለች።

"ጋሼ... ሰደርያ ለብሰው አያውቁም አላሉም?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ እንዲህ መጠጣት ማን አስተማረዎት?"

"ማንም። ሕፃን ሆኜ እንጥሌን የቆረጠኝ ሰውዬ አበላሽቶት ነው። ሦስተኛውን ጉንጭ ካላቆየሁት ያንቀኛል።"

ይህን ስናገር ነው ነገሩ የገባኝ።

ሰው እንዲገባው የኛን አሯሯጥ ልንገር። እኛ ጎን ለጎን አንሮጥም። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ክንድ በማይሞላ ርቀት ከኋላው ሆኖ ኮቴው ያረፈበት ላይ ኮቴውን ያሳርፋል። ቀኝ ሲያነሳ ቀኝ፣ ሲተነፍስ ትንፋሽ። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ ኮርቷል ይባላል። ለአበጋዝ በሁለት ሺህ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያዋን ሰደርያ ከውጭ ሲልኩለት፣ ወረቀቷ ላይ "ሰባት ቀን ብቻዎን ይሩጡ" የሚል ተጽፎ ነበር። ለበላቸው ሳነብለት ትዝ ይለኛል፤ ከስድስተኛ ክፍል ባላልፍም ማንበብ አያቅተኝም። "ብቻውንማ እንዴት ይሮጣል? እብድ ነው እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ከኋላዬ አሰለፈው። ሰባቱንም ቀን። ሰደርያው ጆሮውን የጣለው ከፊት ወደሚመጣው ኮቴና ትንፋሽ ነበር። የጠማኝን ጊዜ፣ የዋጥኩትን፣ ያቆየሁትን ሰማ። አበጋዝ ዝም ብሎ ተሸከመው እንጂ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። በመስኮቱ መንገዱ ይታያል። አንዲት መነኩሲት መቋሚያዋን ተደግፋ ቆማለች፤ ሁለት፣ ቆይታ፣ አንድ። ሁለት ወታደሮች። እጅ ለእጅ የተያያዙ ፍቅረኞች። የአውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ በየመስኮቱ፣ ሁለት፣ ቆይታ፣ አንድ። አንድ የገጠር ሰው በዛገ ምላጭ ያበላሸው ጉሮሮ ለዓለም ሁሉ ታድሏል። ለሠላሳ ዓመት ስሜ የትም የለም ብዬ የዋጥኩት ምሬት ነበረኝ፤ ልናደድ ፈልጌ ንዴቱ አልመጣልኝም። እንደ ሕፃን አየሁ። ባሕር የመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

"እግዜር ያሳይዎት" አለች የትናየት ቀስ ብላ፣ ከኋላዬ ቆማ። እሷም የምታየው እዚያው ነው።

ችግሩ የመጣው የመሮጫው ማሽን ላይ ስወጣ ነው። ከመሸጣቸው በፊት እያሮጡ ይሞክራሉ። አንድ ሰዓት ሮጥኩ። እንደዚያ ተመችቶኝ አያውቅም፤ ውሃው ከመጠማቴ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ ልጅቷ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ገፍታ ሠላሳ ላይ አደረገችው። የላይኛው ማሰሪያ ተፈታ። መካከለኛው ተፈታ። ታችኛው ተፈታ። ሰደርያው ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ጧ አለ።

"ውይ!" አለች። "ሠላሳ ላይ እኮ ሁላችንም ትንሽ ይላላብናል፣ ግን እንዲህ አይወድቅም!"

"ምን ማለት ነው ሁላችንም?"

"የሠላሳ ዕረፍት ነዋ። የትም አገር የሚሮጥ ሰው ሠላሳ ላይ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ይጠጣል፣ ይቀዘቅዛል። ሐኪሞች የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው ይላሉ።"

"ተፈጥሮ አይደለም" አልኳት። "በላቸው ነው።"

የሩጫው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው። ሰደርያው የወደቀበት ሰው ከውድድር ውጭ ነው። በገመድ ብታስረውም እንደወደቀ ይቆጠራል። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ቆጥሬ፣ በላቸው ሞቶ፣ ሰርቪሱ ዝጎ፣ አሁንም ሠላሳ ላይ "ውጣ" ልባል ነው። ሰደርያውን ወለሉ ላይ ትቼው ልሄድ ተነሳሁ።

"ይቆዩ" አለች። ወለሉን እያየች ነበር የምትናገረው። "እኔም ጣርማበርን ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለት ጊዜም አቋርጫለሁ። ሁለቱም ሠላሳ ላይ ነው። እግሬ በቃሽ ይለኛል። ሰነፍ ነኝ ብዬ ተቀብዬው ነበር።"

ሰው ሁሉ ላይ እንዳለሁ ሳውቅ የደነቀኝን ያህል፣ እዚህች ልጅ እግር ላይ መሆኔ ከበደኝ።

መፍትሔውን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ያለውም ነገሩ በተበላሸበት ቦታ ነበር። ሰደርያው ከፊቱ ያለውን ሰው ከሰማ፣ ከፊቴ ሌላ ሰው ይሁና። ተሸካሚው እኔ ልሁን፣ አስተማሪው ሌላ። የትናየት ያላትን ሁሉ አወጣች፤ ጆሮው ደረቱ ላይ የተሰፋውን ፈለግን። የቆየ ዓይነት አንድ ተገኘ፣ ሊትር ተኩል ብቻ የሚይዝ፣ ውሃው ፊት ለፊት በሁለት ለስላሳ ጠርሙስ የሆነ፣ ቀለሙ የጠወለገ። ጀርባው ባዶ ነው። ዘለልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። እሱን ወሰድኩ።

"ማንን ሊከተሉ ነው?" አለችኝ።

"አንቺን ነዋ።"

"እኔን? ቀርፋፋ ነኝ እኮ!"

"አይቻለሁ። ከባንኮኒው እስከ መደርደሪያው ስትሄጂ ነው ያየሁት።"

ወይንሸት ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ሽብሩ የሰው ኋላ ሊሮጥ! ጋሪውንም ፈረሱ ሊከተለው ነው በሉኛ!" ከዚያ ሳቋ ሲበርድ ካልሲዬን ወስዳ ተረከዙን ደረተችልኝ።

ሰባት ጠዋት ከትናየት ኋላ ሮጥኩ። ከልቤ እናገራለሁ፣ ከበደኝ። ከፊት ያለ ሰው ነፋሱን ያያል፣ ከኋላ ያለው ተረከዝ ያያል። ግራ እግሯን ወደ ውጭ ትወረውረዋለች። ሽቅብ ላይ ትከሻዋን ታነሳለች። ሦስተኛው ቀን ላይ የምትደክምበትን ቦታ ከሷ ቀድሜ አወቅሁት። አበጋዝ ዘጠኝ ዓመት ጀርባዬን እያየ የዋለው ይህን ነበር ለካ! ሲሰርቀኝ የኖረ ነበር የሚመስለኝ። መከተል እንዲህ ትኩረት እንደሚፈልግ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ዞሬ አይቼው አላውቅም። ሰባተኛው ቀን ላይ ሰደርያዬ ውሃውን አዘግይቶ ሰጠኝ። በኔ ሰዓት ሳይሆን በሷ።

የሩጫው ዕለት ጣርማበር ላይ አራት ሺህ ሰው ነበር። ደመናው ከሥራችን ነው የተኛው፤ ቆላው አይታይም፣ የምንሮጠው በነጭ ባሕር ዳርቻ ይመስላል። ኬላው ላይ ዶቃዬ ቢጫ በራች፤ "ገና እየለመደ ነው፣ ግን ይለፉ" አለኝ ጠባቂው። ከትናየት ኋላ ገባሁ። ኮቴዋ ላይ ኮቴዬን። ሰዎች እያለፉን ሲሄዱ ጥርሴን ነከስኩ። አንዱ ጎረምሳ "አባባ፣ ልጅቱን አያጨናንቁ!" ብሎኝ አለፈ። አሥር፣ ሃያ፣ ሃያ ስምንት።

ሠላሳው ከአንድ ጉብታ በታች ነበር፣ ስለዚህ ከላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁት። ከፊታችን ያሉት ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች በገደሉ አፋፍ ላይ በነጠላ መስመር ተዘርግተዋል። ምልክቱ ጋ ሲደርሱ እያንዳንዱ ሰው፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ቀኝ ይወጣል። ቀኝ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ ኩባያ ልቀበል ስል ዝቅ የማደርገው ትከሻ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅም፣ ወፍራሙ ሰውዬም፣ የውጭ አገሯ ሴትም። በሜዳው ላይ ተደርድረው ቆመው ይጠጣሉ። ወሬ የለም፣ ጩኸት የለም። ሁለት ጉንጭ። ዝምታ። ተራራው ራሱ ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ። አንድ ጉንጭ። ሰርቪስ የለም፣ በላቸው የለም፣ የሚሰማ "ውጣ" የለም፣ እነሱ ግን ወጥተዋል። በሕይወቴ ማንም ያላየውን ሰው፣ ራሴን፣ እስከ አድማስ ተሰልፎ አየሁት። ፀጉሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሊንበረከክ ይገባው ነበር፤ እኔ ግን የምከተለው ተረከዝ ነበረኝ።

ምልክቱ ጋ ደረስን። የላይኛው ማሰሪያዬ ተፈታ። የትናየት ቀኝ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁ። መካከለኛው ተፈታ።

"አትውጪ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እንደ በላቸው ነው የወጣው። "የትናየት፣ አትውጪ!"

"ጋሼ፣ እግሬ... እግሬ በቃሽ አለኝ!"

"እግርሽ አይደለም! የኔ ድካም ነው፣ የሰው ነው፣ ጣይው! ቀጥ በይ!"

አንድ እግሯ ሳሩን ረግጧል። እንደምትወድቅ ሁሉ ተንገዳገደች። ከዚያ ያቺን ግራ እግሯን ወደ ውጭ ወርውራ መንገዱ ላይ መለሰችው። እኔም ኮቴዋ ላይ አረፍኩ። ታችኛው ማሰሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ያዘ። በቆሙት ሰዎች ጎን አለፍን። ቱቦ በአፋቸው እንደያዙ ዓይናቸውን አፍጠው አዩን።

ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ድንጋያማ ነው። በግራ ገደል፣ በቀኝ ጓሳ ሳር። ይህን የምጽፈው በእግሬ ስለረገጥኩት ነው። ሠላሳ ሁለት ላይ ትናንሽ ቢጫ አበቦች አሉ። ሠላሳ አምስት ላይ ሁለቱ ማሰሪያዎች ራሳቸው ተመልሰው ተቆለፉ። አርባ ላይ አለቀስኩ፣ ሃምሳ ላይ ሁለታችንም አስመለሰን፣ እየሳቅን ተነሳን።

ሩጫው የሚያበቃበት ሞላሌ ስንደርስ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ነበር። የትናየት ዞራ "ጋሼ፣ ይለፉኝ፣ እርስዎ ይቅደሙ!" አለችኝ።

"ፊትሽን አዙሪ! እግርሽን እያየሁ ነው!"

እሷ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ አንደኛ ገባች። እኔ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ። ስሜን በድምፅ ማጉያው ሙሉውን ጠሩት፣ ከነአባቴ። የትናየት ከመስመሩ ወዲያ እጥፍ ብላ ተቀመጠች። ሌሎቹም እዚያው ይወድቃሉ፣ ይተቃቀፋሉ።

እኔ በአጠገቧ አልፌ ሮጥኩ። ድንኳኖቹን አለፍኩ፣ የታሰሩትን በቅሎዎች አለፍኩ፣ የገብሱ ማሳ ዳር ወዳለው ቀጭን መንገድ ገባሁ።

"አባባ! አልቋል እኮ! ይቁሙ!" ይላሉ ከኋላዬ። አንዱ ዳኛ ባንዲራውን እያውለበለበ ሊይዘኝ ይሮጣል።

ሰምቻቸዋለሁ። ግን "ውጣ" አላሉኝም፤ ከዚያ ሌላ የምቆምበት ቃል አላውቅም። ሰደርያው ሦስቱንም ማሰሪያ አጥብቆ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። የት እንደሚፈታ አላስተማርኩትም።